ባዶ ፒካፕ ለምን ያንገጫግጫል? ከአያት እስከ ቦሌ በአንድ ሃይሉክስ ላይ የታየ

ይህች ጽሑፍ የተጀመረችው እናቴ ከተናገረችው አንድ አረፍተ ነገር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ የወገብ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ከአያት ቦሌ ድረስ ለፊዚዮቴራፒ መመላለስ ነበረባት። ቤታችን ያለው መኪና አንድ ነው፤ የአባቴ ደብል ካቢን ሃይሉክስ። በሦስተኛው ቀን ከመኪናው ስትወርድ በሩን እንደያዘች ቆማ፣ «ባለሙያዎቹ የሚጠግኑትን ይሄ መኪና እያፈረሰው ነው፤ ከአሁን በኋላ በባቡር እሄዳለሁ» አለች። ባቡሩ ላይ ደግሞ በዚያ ወገብ ቆሞ መሄድ የማይታሰብ ነው። እኔ ያኔ የሦስተኛ ዓመት የአውቶሞቲቭ ተማሪ ነኝ። አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። ምንም አላለኝም፤ ግን «ይሄን ሁሉ ዓመት የምትማረው ምንድን ነው?» ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል።

የመኪናውን ታሪክ ባጭሩ ልናገር። ለብዙ ዓመታት ሲሚንቶ፣ ፌሮ ብረትና ብሎኬት ወደ ሰሚት፣ ወደ አያትና ወደ ቦሌ ቡልቡላ የግንባታ ቦታዎች ሲያመላልስ የኖረ ነው። በዚያ ሥራ መሐል ኋላው እየተጎተተ ሲያስቸግር አባቴ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ባሌስትራ አስጨመረ። ይሄ በከተማችን የተለመደ ነገር ነው። ኋላ ሥራው ሲቀዘቅዝ መኪናው አብዛኛውን ቀን ባዶውን መዋል ጀመረ። ጭነቱ ቀረ፣ የተጨመረው ብረት ግን እዚያው ቀረ።

የመጀመሪያው መፍትሔ ከእኔ አልመጣም። አባቴ አንድ ጋራዥ ወሰደው፤ እዚያም «ባሌስትራው በዝቶበት ነው» ተባለና ከየጎኑ ሦስት ቅጠል ወጣለት፦ የተጨመረውና ከፋብሪካው የነበሩት ሁለቱ አጫጭር የታች ቅጠሎች። እውነት ለመናገር ለሦስት ቀን ያህል ሁላችንም ተደስተን ነበር። መኪናው ለስልሷል። ግን ኋላው ወርዶ ነበር። በአራተኛው ቀን ከሰዓት ዝናብ እየጣለ አባቴ ከካራ ወደ ኮተቤ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ የኋላ ጎማዎቹ ቀድመው ተቆለፉ፤ መኪናው ወደ ጎን ዞሮ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ መትቶ ቆመ። ሰው አልተጎዳም። እናቴ በዕለቱ አብራው አልነበረችም፤ ብትኖር ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። በማግስቱ ቅጠሎቹ በሙሉ ተመልሰው ገቡና እኔም ነገሩን ወደ ኮሌጃችን ወርክሾፕ ይዤው መጣሁ።

ይህ አደጋ ለምን እንደደረሰ በኋላ እመለስበታለሁ፤ የጽሑፉ ዋና ነገር ከሞላ ጎደል እዚያ ላይ ነውና። አስቀድመን ግን «ፒካፕ ለጭነት ስለተሠራ ባዶውን ያንገጫግጫል» የሚለውን ሁሉም ሰው የሚያውቀውን አባባል እንመርምር። አባባሉ ስህተት አይደለም፣ ጎዶሎ ነው።

በምንጭ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ክብደት የራሱ የመወዛወዝ ድግግሞሽ አለው። የምንጩን ግትርነት ለክብደቱ አካፍላችሁ ስኩዌር ሩቱን ስታወጡና ለሁለት ፓይ ስታካፍሉት ድግግሞሹን በሄርዝ ታገኛላችሁ። የቤት መኪና በአብዛኛው ከ1 እስከ 1.5 ሄርዝ ባለው ውስጥ ይወዛወዛል፤ ሰውነታችንም የሚለምደው ይሄንን ነው። ፒካፕ ላይ ያለው ችግር ክብደቱ መለዋወጡ ነው። ከኋላ ባሌስትራው የሚሸከመው ባዶውን 500 ኪሎ ገደማ ሆኖ ሲጫን ከ1,400 ሊያልፍ ይችላል፤ የባሌስትራው ግትርነት ግን አንድ ነው። ለ1,400 የሚበቃ ብረት ለ500 ይበዛል። ይሄ ክርክር የለውም።

ታዲያ የእኛ መኪና ግትርነቱ ስንት ነው? ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ስምንት ከረጢት ሲሚንቶና ሜትር ይበቃል። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር መኪናውን ደልዳላ ወለል ላይ አቁመን ከአክሰሉ እስከ ሻንሲው ያለውን ርቀት በሁለቱም ጎን ለካን። ከዚያ 400 ኪሎ ሲሚንቶ ልክ ከአክሰሉ በላይ ደረደርን፤ መኪናውን በእጅ አወዛውዘን እንዲረጋጋ ካደረግን በኋላ እንደገና ለካን። የወረደው 22 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 400 ኪሎ ማለት 3,924 ኒውተን ነው፤ ለ22 ሲካፈል የሁለቱ ጎን ድምር 178 ኒውተን በሚሊ ሜትር ይመጣል። በመኪና ሚዛን ላይ ባዶው የኋላ አክሰል 720 ኪሎ መዝኗል፤ ከዚህ ላይ ለአክሰሉ፣ ለጎማዎቹና ለመሳሰሉት 200 ኪሎ ያህል ቀንሰን ከባሌስትራ በላይ ያለውን 520 አደረግነው። ሒሳቡ 2.95 ሄርዝ ሰጠን። ኋላው ላይ 900 ኪሎ ሲጨመርበት ደግሞ 1.8 ይሆናል። ማለትም ባዶው መኪና ከቤት መኪና በእጥፍና ከዚያ በላይ ይፈጥናል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ተገለጸልኝ። ሰፈራችን ውስጥ ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ እንደገና የተነጠፈ ኮብልስቶን አለ፤ በየሁለት ሜትሩ ገደማ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሏል። እናቴ ከሁሉ አብልጣ የምትረግመው መንገድ ይሄ ነው። ጎድጓዶቹ ሁለት ሜትር ከተራራቁ መኪናውን በራሱ ድግግሞሽ ለመግፋት የሚያስፈልገው ፍጥነት 2.95 ሲባዛ በ2፣ 5.9 ሜትር በሰከንድ ነው። ይህ በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አባቴ ደግሞ ለእናቴ አዝኖ «ቀስ ልበል» ብሎ የሚነዳው በ20 ነበር! በ12 ቢሄድ ይሻል ነበር።

እስከዚህ ያለው ሁሉም ተማሪ በመጽሐፍ የሚያገኘው ነው። ያልጠበቅነው የመጣው ሲሚንቶውን ስናወርድ ነው። በዚህኛው ልኬት መኪናውን ሳናወዛውዝ ከረጢቶቹን ቀስ ብለን አወረድን። መኪናው ወደ ቀድሞው ከፍታው መመለስ ሲገባው 9 ሚሊ ሜትር ቀርቶት ቆመ። ከዚያ አንድ ጓደኛችን የኋላ መከላከያው ላይ ቆሞ ሲዘል ቷ ብሎ ተነሳ። ባሌስትራው ተነክሶ ነበር ማለት ነው።

ባሌስትራ እንደምታውቁት እንደ ቅጠል የተደራረቡ የብረት ዝርጎች ናቸው። ሲታጠፍ ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው መንሸራተት አለባቸው። በመሐላቸው የአያት ጭቃ፣ የሲሚንቶ ብናኝና የዓመታት ዝገት ሲገባ ሰበቃው ይጨምራል። ዘጠኙን ሚሊ ሜትር በ178 ስናባዛው 1,600 ኒውተን ሆነ፤ ሰበቃው ወደ ላይም ወደ ታችም ስለሚሠራ በየአቅጣጫው 800 ማለት ነው። ይህን ለ520 ኪሎ ስናካፍል 1.5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይመጣል። ቁጥሩ የሚለው ይህን ነው፦ ከዚህ በታች የሆነ ማንኛውም ንዝረት ሲመጣ ባሌስትራው ፈጽሞ አይታጠፍም። እንደ ግንድ ነው። ንዝረቱ ሳይቀነስ ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ እናቴ ወገብ ይሄዳል። መኪናው ሲጫን ያው 800 ኒውተን ለ1,420 ኪሎ ስለሚካፈል ወደ 0.56 ይወርዳል (በእርግጥ ጭነት ሰበቃውንም በመጠኑ ያሳድጋል)። «ሲጫን ይለሰልሳል» የሚባለው እንግዲህ በሁለት ምክንያት ነው፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው አንዱን ብቻ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ባሌስትራው ከተቆለፈ መኪናው በምን ላይ ነው የሚወዛወዘው? በጎማው ላይ ነዋ! የቀረው ምንጭ እሱ ብቻ ነው። የአባቴ ጎማዎች ከጭነቱ ዘመን በቀረ ልማድ 50 ፒ.ኤስ.አይ. ይነፉ ነበር። በዚህ ግፊት የአንድ ጎማ ግትርነት ወደ 250 ኒውተን በሚሊ ሜትር ነው ብለን ብንገምት፣ ሁለቱ 500 ይሆናሉ፤ የኋላውን 720 ኪሎ ተሸክመው የሚወዛወዙት በ4.2 ሄርዝ ነው። አሁን አይ.ኤስ.ኦ. 2631 የተባለውን የንዝረት መመዘኛ ያያችሁ ትዝ ይላችኋል፦ የተቀመጠ ሰው ለቁም ንዝረት እጅግ የሚጋለጠው ከ4 እስከ 8 ሄርዝ አካባቢ ነው፤ የጀርባ አጥንትና የሆድ ዕቃ በዚያ ክልል አብረው ይንዘፈዘፋሉ። ልክ ወገቧን ፈልጎ የሚመታ መኪና ሠርተን ነበር ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ሥራውን የጀመርነው ከጎማው ነው። ወጪ የለውም። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የእኛ መኪና ለባዶ 29 ይላል፤ የእናንተ ሌላ ሊል ይችላልና ወረቀቱን አንብቡ እንጂ የእኔን ቁጥር አትውሰዱ። ከ50 ወደ 29 ሲወርድ የጎማው ግትርነት በግምት በሢሶ ይቀንሳል። ጎሚስታው «አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነ ጎማ በራሱ ይነፋል» ብሎ ሊያስረዳኝ ሞክሮ ነበር። እውነት አለው፣ ግን ግማሹን ነው። ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሦስት ፒ.ኤስ.አይ. ተኩል ያህል ያንሳል። ጅቡቲ ላይ 40 ተነፍቶ የመጣ ጎማ በከፍታው ብቻ ቢሆን እዚህ 43 ተኩል ያሳይ ነበር። ነገር ግን ከ35 ዲግሪ ሙቀት ወደ 18 ሲገባ ያው ቅዝቃዜ አብዛኛውን መልሶ ይወስደዋል፤ 41 ሳይሞላ ይቀራል። በዝቅተኛ ግፊት ጭነት መጫን ግን የጎማውን ጎን አሙቆ ያፈነዳል፤ ሲጫን መነፋት አለበት። አባቴ ይህን ለመቀበል ጊዜ አልወሰደበትም፤ ትንሽ የእጅ መለኪያ ገዝቶ ጋቢናው ውስጥ አስቀመጠ።

ከዚያ ባሌስትራውን አወረድነው። የመጀመሪያው ጋራዥ የሠራው ስህተት ቅጠል ማውጣቱ ሳይሆን የትኛውን እንደሚያወጣ አለማየቱ ነው። የፋብሪካው አምስት ቅጠሎች 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው። የተጨመረው ከከባድ መኪና የመጣ ይመስላል፤ 9 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የቅጠል ግትርነት የሚያድገው በውፍረቱ ኩብ ነው። 9.5 ለ7 ተካፍሎ ኩብ ሲሆን 2.5 ነው። ያ አንድ ቅጠል ብቻውን ሁለት ተኩል ያህል የፋብሪካ ቅጠል ሆኖ ነበር የተቀመጠው። እሱን አውጥተን የፋብሪካዎቹን አምስቱንም ተውናቸው። አጫጭሮቹ የታች ቅጠሎች ሲወጡ ሸክሙ በሙሉ ረጅሙ ዋና ቅጠል ላይ ይወድቃል፤ እሱ ከተሰበረ ደግሞ አክሰሉን ቦታው ላይ የሚይዝ የለም። በነገራችን ላይ ባሌስትራን በእሳት አሙቆ ማቃናት በየሰፈሩ ሲደረግ አያለሁ። ብረቱ ያንን ጥንካሬ ያገኘው በሙቀት ሥራ ነው፤ በብየዳ እሳት ሲግል ያጣዋል። ለጊዜው ቀና ይላል እንጂ በወሩ ተመልሶ ይወርዳል፣ ወይም ይሰበራል።

እያንዳንዱን ቅጠል በሽቦ ብሩሽ አጸዳን፤ በቅጠሎቹ ጫፍ ያሉት የፕላስቲክ ማንሸራተቻዎች አልቀው ስለነበር ተተኩ፤ ግራፋይት ያለው ግሪስ በስሱ ቀባን። የተበላሉት የጎማ ቡሺንጎችም ተቀየሩ። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ሰው፣ ወርክሾፓችን ውስጥ ለረጅም ዘመን ያገለገሉ ቴክኒሺያን፣ ቁልፉን ከእጄ ቀሙኝ። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ሳለ የቡሺንጉን ብሎን ላጠብቅ ነበር። «ልጄ፣ መጀመሪያ መሬት ይንካ» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የጎማ ቡሺንግ የሚሠራው በመጠምዘዝ ነው። አክሰሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከታሰረ፣ መኪናው ሲወርድ ቡሺንጉ ከመነሻው ተጠምዝዞ ይቀመጣል፤ እንደ ተጨማሪ ምንጭ ሆኖ ያደርቃል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ሻክል የሚባለውን የኋላ ማንጠልጠያም እንደዚሁ። ይህን በየትኛውም ሌክቸር ላይ ሰምቼ አላውቅም፤ ወይም ተነግሮኝ አልሰማሁ ይሆናል።

መልሰን ስንገጥመው 400 ኪሎው 33 ሚሊ ሜትር አወረደው፤ ግትርነቱ ከ178 ወደ 119 ወረደ ማለት ነው። ስናወርድ የሚቀረው ልዩነት ከ9 ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሆነ። አሁን ቁጥሮቹን አወዳድሩ። ግትርነቱ በሢሶ ቢቀንስም ድግግሞሹ የወረደው ከ2.95 ወደ 2.4 ሄርዝ ብቻ ነው፤ ስኩዌር ሩት ስላለበት። ባሌስትራው የሚቆለፍበት ገደብ ግን ከ1.5 ወደ 0.34 ወረደ፤ ከሩብ በታች ሆነ። ብረት ከመቀነሱ ይልቅ ማጽዳቱ ነው የበለጠ የሠራው። ወረፋ ይዞ ባሌስትራ የሚያስቀንስ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ዝገቱን ቢያስጠርግ እላለሁ።

መጀመሪያ ስንነዳው ግን ደነገጥን፤ መኪናው እንደ ጀልባ ይወዛወዝ ጀመር። ሰበቃው ክፉ ቢሆንም ውዝዋዜን ያቆም ነበር፤ እሱ ሲነሳ ሥራው ሁሉ ሾክ አብዞርበሩ ላይ ወደቀ። የግራው ዘይቱን አፍስሶ ለካ በድን ነበር፤ ዝገቱ ነበር ሸፍኖለት የቆየው። ሁለቱንም በፋብሪካው ዓይነት ተራ ሾክ ቀየርናቸው። ሻጩ «ለፒካፕ ጠንካራውን ውሰዱ» ብሎ ነበር፤ ያ ለተጨመረ ባሌስትራ እንጂ ለእኛ አልነበረም።

አጎቴ ደግሞ «ሦስት ከረጢት አሸዋ ኋላ ጣሉበትና ተገላገሉ» ይላል። ብዙ ሾፌሮች ያደርጉታል፤ ሐሰትም አይደለም። 150 ኪሎ ከአክሰሉ በላይ ቢቀመጥ 2.4 ሄርዙ ወደ 2.1 ይወርዳል። ግን ነዳጁን ዘወትር ትከፍላላችሁ፤ ያልታሰረ ከረጢት ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ወደ ጋቢና ይመጣል። አልወደድነውም።

አሁን ወደ ካራው ቁልቁለት ልመለስ። እንደኛ ያለ፣ ኋላው ታምቡር ፍሬን ሆኖ ኤ.ቢ.ኤስ. የሌለው ፒካፕ ላይ አንድ ትንሽ ቫልቭ አለች። ሻንሲው ላይ ተቀምጣ በዘንግ ከኋላ አክሰል ጋር ትገናኛለች። ሥራዋ በሻንሲውና በአክሰሉ መካከል ያለውን ርቀት አይታ ጭነት መኖር አለመኖሩን መገመት ነው። ርቀቱ ሲጠብ «ተጭኗል» ብላ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ትለቃለች፤ ሲሰፋ «ባዶ ነው» ብላ ትቀንሳለች። ባዶ መኪና ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላ ጎማዎች ቀለው ቶሎ ይቆለፋሉ፤ ቫልቯ የተሠራችው ለዚህ ነው። ጋራዡ ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ኋላው ወረደ፣ ርቀቱ ጠበበ። ቫልቯ ተታለለች፤ ባዶውን መኪና እንደተጫነ ቆጥራ ሙሉ ግፊት ለቀቀችበት። እርጥብ አስፋልት፣ ቁልቁለት፣ ቀላል ኋላ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ።

የሚያሳዝነው ተቃራኒውም እውነት መሆኑ ነው። አባቴ ባሌስትራ ያስጨመረ ዕለት ኋላው ከፍ አለ፤ ቫልቯም አንድ ቶን ሲሚንቶ ተጭኖ ሳለ መኪናው ቀለል ያለ ይመስላት ነበር። ለእነዚያ ዓመታት ሁሉ የኋላ ፍሬኑ ከሚገባው በታች ሲሠራ ኖሯል፤ የፊት ፍሬን ሸራ ቶሎ ቶሎ ያልቅበት የነበረው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። እኛ ባሌስትራውን ከገጠምን በኋላ የዘንጓን ርዝመት በጥገና መጽሐፉ መሠረት አስተካከልን፤ ከዚያ በኮሌጁ ግቢ እርጥብ ጠጠር ላይ በዝግታ እየነዳን ፍሬን ይዘን የፊቶቹ ጎማዎች ቀድመው መቆለፋቸውን አየን። ከሠራነው ሁሉ አንድ ቀን የፈጀው ይሄ ነው፤ ማንም የማያየው ሥራም ይሄው ነው።

የመኪና አምራቾችም ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። ቶዮታ ላንድክሩዘር 79 ፒካፑን በ1999 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ፊቱን በሞላ አድርጎ ኋላውን በባሌስትራ ተወው። አሜሪካኖቹ ራም 2500 ላይ ከ2014 ሞዴል ጀምሮ ኋላውን ወደ ሞላ ቀየሩት። ኒሳን ናቫራም በዚያው ዓመት በወጣው ትውልድ ደብል ካቢኑ ላይ ሞላ አደረገ፤ ባዶውን ለሰለሰ፣ ሲጫን ግን ኋላው ይወርዳል የሚል ቅሬታ መጣና አውስትራሊያ ውስጥ ሞላዎቹን እንደገና ማሻሻል ግድ ሆነበት። ሁለቱንም በአንድ ብረት ማግኘት ለፋብሪካም ቀላል አይደለም።

እናቴ ሕክምናዋን በመኪናው ጨረሰች። «እንደ ድሮው አይደለም» ትላለች፤ ከእሷ አፍ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው። በዚያ ኮብልስቶን ላይ ግን አሁንም እጀታውን ይዛ ነው የምታልፈው።

አባቴ ጋ ያለው ጉዳይ ገና አላለቀም። መኪናው አሁን የሚጭነው ፋብሪካው የፈቀደለትን ብቻ ነው። ባለፈው ወር ከቡልቡላ አንድ የቆየ ደንበኛው ደውሎ 15 ኩንታል ሲሚንቶ በአንድ ጊዜ እንዲያደርስለት ጠየቀው። በሁለት ምልልስ ካልሆነ አይሆንም አለው፤ ደንበኛው ሌላ ሰው ፈለገ። ማታ እራት ላይ ስለ ሥራው ምንም አላነሳም። የተነሱት ሁለት ወፍራም ቅጠሎች ግን ከጓዳው በር ኋላ እንደተደገፉ ናቸው። እናቴ ለብረት ገዢ ልትሸጣቸው ስትል «ተያቸው፣ ቦታ አልያዙ» ብሏታል።